ሽሪምፕ ቤተ ክርስቲያናችን የገባበት ዓመት

ያኔ ሥራዬ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ማመላለስ ነበር። ማቀዝቀዣ ያላት አንዲት መካከለኛ ትራክ አለችኝ፤ ኢስት ፖይንት፣ የአትላንታ አየር ማረፊያ አጠገብ ቦታ ተከራይቼ ነው የማቆማት። በሳምንት ሁለቴ ከቤታችን ከሊልበርን በማለዳ እነሣና ትራኳን ይዤ በሰባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሜከን፣ ከሜከን ደግሞ በአሥራ ስድስት ቁልቁል ወደ ባሕሩ እነዳለሁ። ያ አሥራ ስድስት የሚባል መንገድ ግራና ቀኙ ጥድ ብቻ ነው። ለሰዓታት ጥድ፣ አልፎ አልፎ ነዳጅ ማደያ፣ ከዚያ እንደገና ጥድ። መጨረሻው ላይ ግን አየሩ ይለወጣል። መስኮቱን ዝቅ ሳደርገው የጨውና የረግረግ ሽታ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዬን እይዝ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ያ ሽታ ሲመጣ «ደረስኩ» ብዬ ደስ ይለኝ ጀመር።

ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ የትራፊክ መብራት፣ አንድ ድልድይ፣ ከድልድዩ ሥር ተደርድረው የታሰሩ የሽሪምፕ ጀልባዎች፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ ፋብሪካው። ጀልባዎቹ ያመጡት ሽሪምፕ ፋብሪካው ውስጥ ይታጠባል፣ ጭንቅላቱ ይቆረጣል፣ ይላጣል፣ በረዶ ሆኖ ይታሸጋል። ከዚያ እኔ አትላንታ ላሉ ምግብ ቤቶች አደርሰዋለሁ። የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ይሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ለሚሠሩት ምሳ ይሸጣል፣ ፀጉር ያስተካክላል፣ መኪና ይጠግናል።

የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በቁመት ትበልጠኛለች፤ ድምጿ ደግሞ ከማሽኖቹ ይበልጣል። ስሜን ለመጥራት ሁለት ጊዜ ሞክራ ተሸነፈችና «አትላንታ» ብላ ሰየመችኝ። ሴቶቹ ሁሉ «ቦስ» ስለሚሏት እኔም ቦስ አልኳት። በእኔና በእሷ መካከል ከዚህ ሌላ ስም ኖሮ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ስደርስ ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። ነጭ ቦት ጫማ ያደረጉት ሴቶች ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል፤ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም። ቦስ ወደ እኔ መጣች።

«አትላንታ፣ ይሄ የመጨረሻ ጭነትህ ነው» አለችኝ።

«የዛሬ የመጨረሻ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። የመጨረሻ ማለቴ ነው።»

ነገሩ ሲነገረን አጭር ነበር። ከውጭ አገር በርካሽ የሚገባው ሽሪምፕ ገበያውን ወስዶታል። የፋብሪካው ባለቤቶች ሩቅ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ራሳቸው አልመጡም፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ልከው አስነገሩ። ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ አንገቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር አለችኝ ቦስ፤ እሱንም አሳዝኗታል። አንዲት ሴት ቦት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ «ይሄን መመለስ አለብኝ ወይስ የራሴ ነው?» እያለች ትጠይቃለች። በመጨረሻ ቦስ፣ «የራስሽ ነው፣ ውሰጂው» አለቻት፤ ሌሎቹም ይህን ሰምተው የየራሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ጀልባ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ከተማው «ካፒቴን» ይላቸዋል። ብዙ አይናገሩም፤ ሁልጊዜ ከንፈራቸው ላይ ስንጥር አለች። «ሽሪምፑ ግን መዘጋቱን አልሰማም» አሉና ወደ ጀልባቸው ሄዱ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን የምታግዝ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ችግር ስትሰማ ስለምትውል ለመደንገጥ አትቸኩልም። «አንተ ሌላ ጭነት ታገኛለህ» አለችኝ። «እነሱስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነትም እኔ በሳምንቱ የአየር ማረፊያውን ዕቃ ማመላለስ ጀመርኩ። ሥራው አይከፋም፤ ግን ከመጋዘን ወደ መጋዘን ነው፣ ማንም በቅጽል ስም የሚጠራኝ የለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦስ ደወለች።

«አትላንታ፣ እዚያ ሰው አለህ?»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የሚበላ ሰው ነዋ! ካፒቴኑና ሌሎቹ ሽሪምፕ ይዘው ይገባሉ፣ የሚገዛቸው የለም። እኔና ሴቶቹ አሮጌውን የእሳት አደጋ ጣቢያ ከከተማው ለምነን አግኝተናል። ውሃ አለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እናጥባለን፣ እናሽጋለን። ትራክና የሚበላ ሰው ነው የጎደለን።»

ሳቄ መጣ። «ትራኩስ አለ። ሰውም አለኝ፣ ብዙ ሰው አለኝ። ችግሩ የእኔ ሰዎች ሽሪምፕ አይበሉም።»

«ምን ሆነው?»

ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ጭኜው አንዴም ቀምሼው አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። «የኛ ሰው ባይበላ እኔ ጋ የሚበላ ሞልቷል» አለች። እውነቷን ነበር። የፊሊፒንስ፣ የናይጄሪያ፣ የሉዊዚያና ሰው አብሯት ይሠራል፤ ትኩስ ከባሕር የወጣ ሽሪምፕ ሲባሉ ዓይናቸው ይበራል። ስማይርና የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራይታ የምትኖረው ልጃችን ደግሞ ኮምፒውተር ነው ሥራዋ። እዚህ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋም ከእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ነው።

«አባዬ፣ ላይክ፣ ሰው ዝም ብሎ ከትራክ ላይ ሽሪምፕ አይገዛም» አለችኝ። «ዌብሳይት ያስፈልግሃል። እኔ ሠርቼ ሴት አፕ አደርግልሃለሁ። ኦርደር ያደርጋሉ፣ ቅዳሜ መጥተው ፒክ አፕ ያደርጋሉ። ዳን፣ አለቀ!»

«የት መጥተው?»

ከዚያ ሦስታችንም በአንዴ የቤተ ክርስቲያናችንን መኪና ማቆሚያ አሰብን። ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በስተቀር ባዶ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ቅርብ ነው።

የእሳት አደጋ ጣቢያው የጤና ፈቃድ እስኪያገኝ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። እኔም በዚያ መሐል ፓስተራችንን አነጋገርኩ፣ እሱም ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። አንዱ ሽማግሌ ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በድሮው ሕግ የተከለከለ እንደነበር አስታወሱ። ሌላው አሁን በጸጋው ዘመን ነን አሉ። ሦስተኛው ሽታው ምንጣፉ ላይ ይቀራል ብለው ሰጉ። ክርክሩ ሞቅ ሲል ፓስተሩ እጁን አነሣና፣ «ወንድሞች፣ የተጠየቅነው መኪና ማቆሚያውን ነው፤ አፋችሁን የጠየቀ የለም» አላቸው። ሳቁ፤ በሳቅ መሐል ተፈቀደ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቦስና ካፒቴኑ ከእኔ ጋር ትራኳ ውስጥ ተደርድረው መጡ። ካፒቴኑ አትላንታን ካዩ ዘመን ሆኗቸዋል፤ መንገዱ ላይ ያለውን የመኪና ብዛት እያዩ ስንጥራቸውን ማኘክ ረሱ። «ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ። «ወደ ሽሪምፑ ነው» አለቻቸው ቦስ። ከትልቅ ጎረምሳ ወገብ የሚደርስ ድስትና የጋዝ ምድጃ ጭነው ነበር። ቦስ እንደደረሰች ድስቱን ጣደች፤ በቆሎ፣ ድንች፣ ቋሊማና ሽሪምፕ አንድ ላይ ትቀቅላለች። «ሽታው ይሸጥልናል» አለችን።

የሆስፒታሉ ሰዎች መጡ። የልጄ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። የኛ ሰዎች ግን በራፉ ላይ ተሰብስበው ከሩቅ ያያሉ። መዘምራኑ ልምምዱን ትተው በመስኮት ያያሉ።

በመጨረሻ እማማ መጡ። እማማ የምንላቸው በቤተ ክርስቲያኑ በዕድሜ ትልቋን እናት ነው፤ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፣ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ የማያዝዙት ሰው የለም። ጎንበስ ብለው ሽሪምፑ ያለበት የበረዶ ሣጥን ውስጥ ተመለከቱ።

«አንተ፣ ይሄ አንበጣ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም እማማ፣ የባሕር ነው። ይቅመሱ እስቲ።»

«እኔ? ጢም ያለው ነገር አልበላም!»

ቦስ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስክትንገዳገድ ሳቀች። ከዚያ የሚታጠፍ ወንበር አምጥታ ከበረዶው ሣጥን አጠገብ ዘረጋችና እማማን በክብር አስቀመጠቻቸው። እማማም ተቀመጡ። ከተቀመጡ አይቀር ሥራ ፈትተው መዋል አልወደዱም፤ ሰልፉ የተዛባ ሲመስላቸው በእጃቸው ያስተካክላሉ፣ መንገደኛውን «ካሚን፣ ካሚን!» እያሉ በሚያውቋት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራሉ። ሰው ስለ ሽሪምፑ ሲጠይቃቸው አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ። አንድ ወጣት «ጥሩ ነው እማማ?» ቢላቸው፣ «በጣም!» አሉት ሳያቅማሙ። በምላሳቸው ነክተውት አያውቁም፤ እስከ ዛሬም አልነኩትም። የዚያን ቀን ግን ከሁላችንም አብልጠው የሸጡት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የቀመሰው ፓስተሩ ነው። ሽማግሌዎቹን ያሳቀባት ቀልድ ሳታስገድደው አልቀረችም። መዘምራኑ በሙሉ እያዩት አንዱን ላጠና አፉ ውስጥ ጣለ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎት ላይ ያለ መሰለን። «እሺ?» አልኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ዘርግቶ ሌላ አነሣ። ከዚያ በኋላ መዘምራኑን ማን ይያዛቸው! አንዷ ከመኪናዋ ሚጥሚጣ ይዛ መጣች። ካፒቴኑ ከሚጥሚጣው ነስንሰው ቀመሱና ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ውሃ ሰጠናቸው፤ ጠጥተው እንደገና ነሰነሱ። ወደ ከተማቸው ሲመለሱ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሚጥሚጣ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እኔም በዚያው ቀን ቀመስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ምን ጭኜ እንደምሄድ አሁን ገና ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሆነ። ልጄ ኦርደሩን ትይዛለች፣ ባለቤቴ ፈረቃዋ ሲፈቅድ ትመጣለች፣ እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ቦስና እማማ ደግሞ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ እግዜር ይወቅ፤ ቦስ በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ እማማ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ቦስን ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠየቅኳት። «ስለ ልጆቻችን» አለችኝ። እማማን ብጠይቃቸው፣ «ስለ ልጆች ነዋ፣ ሌላ ምን ይወራል?» አሉኝ።

ለጭነት ስወርድ ከተማዋን አያት ነበር። ሁሉም ነገር ደህና ሆነ ብል ውሸት ይሆናል። ፋብሪካው ያሠራ የነበረውን ያህል ሰው የእሳት አደጋ ጣቢያው ሊይዝ አይችልም። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ዘግተው ሳቫና ወደብ ሥራ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ጀልባቸውን ሸጡ። ምሳ እበላበት የነበረው ቤት ተዘጋ። ግን የቀሩት ሰዎች እንደ ድሮው አልነበሩም፤ እርስ በርስ መጠያየቅ አብዝተው ነበር። ቦት ጫማዋን ስለመመለስ የጠየቀችው ሴት ተዘግቶ የቆየውን የእናቷን ዳቦ ቤት ከፈተች። የዕለቱ ጭነት ሲያልቅ ሴቶቹ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ከድልድዩ ላይ ይሰማ ነበር።

በዓመቱ፣ ሙቀት ሲጀምር፣ ልጄ መጠመቅ እፈልጋለሁ አለች። እኔና እናቷ ተያየን። በልጅነቷ ሳትጠመቅ አምልጣን ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ እሑድ እሑድ መምጣቷ ራሱ ሳስቶ፣ እኛም መለመን ትተን ነበር። ለምን አሁን እንዳለች አልጠየቅናትም፤ እሷ ግን ራሷ ነገረችን። «በየቅዳሜው እዚያ ስቆም፣ አይ ዶንት ኖው፣ ቤቴ መሰለኝ» አለች። እናቷ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ተከትያት ስገባ ሰሃን እያጠበች ታለቅሳለች፤ ሰሃኑ የታጠበ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ጥምቀት የምናደርገው በአንድ ምዕመን ጓሮ ባለ መዋኛ ገንዳ ነበር። ልጄ ግን፣ «ባሕር እያለ?» አለች። ፓስተሩ ሐሳቡን ወደደው። ሌሎች ተጠማቂዎችም ነበሩ። ለቦስ ስነግራት ስልኩ ውስጥ ጮኸች፤ የእሷ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንደሚመጡና ምሳ የከተማው እንደሆነ እዚያው ወሰነች።

አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ሞልተን ወረድን። ፓስተሩ ጥምቀቱ ረፋዱ ላይ ይጀመራል ብሎ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር የመጣው። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃ የለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ እኔ ስንት ዓመት ሳይ ኖሬ ለማንም መንገር ትዝ አላለኝም። ከፊታችን የተንጣለለው ጥቁር ጭቃ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ወፍ በቀጭን እግሮቿ ቆማለች።

እማማ ጭቃውን አዩት፣ ፓስተሩን አዩት። «እዚህ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ሰው ኃጢአቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ካፒቴኑ ስንጥራቸውን አወጡ። «ከወንዙ አፍ ማዶ ደሴት አለች፤ እዚያ አሸዋም አለ፣ ውሃም አለ» አሉ። ከድልድዩ አጠገብ ጥልቅ ቦታ ላይ የታሰሩትን ጀልባዎች ጠቆሙ። ወዲያው ሦስት ጀልባዎች ተነሡ። የኛ ሰዎች የመንሳፈፊያ ጃኬት በነጠላቸው ላይ ደርበው ተሳፈሩ፤ የቦስ መዘምራን ኮፍያ ኮፍያቸውን ይዘው ተሳፈሩ። እማማ ካፒቴኑ አጠገብ፣ መሪው ጋ ቆሙ። ወንዙ ሰፍቶ ባሕር ሲሆንና ጀልባዋ መወዛወዝ ስትጀምር ከሁሉም ቀድሞ ያመመው ፓስተሩን ነበር። መዘምራኑ ለማጽናናት ይሁን ለመቀለድ እንጃ መዝሙር አነሡ። የቦስ ሰዎች ዜማውን ያውቁታል፤ በእንግሊዝኛ ተቀበሉ። ግጥሙ ሌላ፣ ዜማው አንድ። ከሦስት ጀልባ ላይ የሚወጣው ድምፅ ውሃው ላይ ተገናኝቶ ሲመጣ እኔም አብሬ ዘመርኩ።

ደሴቲቱ ጀርባ ባለችው የእንጨት መውረጃ ወርደን፣ በዛፎች መሐል አልፈን፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ወጣን። ፓስተሩ መሬት ሲረግጥ ቀለሙ ተመለሰ። ተጠማቂዎቹን ይዞ እስከ ወገቡ ገባ። ልጄ ሦስተኛ ነበረች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ፓስተሩ ጀርባዋን ይዞ ሊያስጠልቃት ሲል፣ ከኋላው ትልቅ ማዕበል መጥቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጣቸው። ለአፍታ የሚታየው የፓስተሩ እጅ ብቻ ነበር። ከዚያ ልጄ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች፣ ፓስተሩን በክንዱ ጎትታ የምታወጣው እሷ ናት።

«ተቆጠረ?» ብላ ጮኸች። «አባዬ፣ ይሄ ካውንት ያደርጋል?»

ፓስተሩ የጠጣውን ጨው ውሃ ተፍቶ፣ «ተቆጥሯል! ለእኔም ተቆጥሯል!» አለ። ባለቤቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገብታ አቀፈቻት። እኔም ገባሁ። ቦስ ከኋላችን «ሃሌሉያ» ስትል የባሕር ወፎቹ ከአሸዋው ላይ ተነሡ።

ምሳው ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ነበር። የዳቦ ቤቷ ሴት ትኩስ ዳቦ አመጣች፤ የኛ ሴቶች ዶሮና አይብ ይዘው መጥተው ነበር። ካፒቴኑ ሚጥሚጣቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለከተማው ሰው ሁሉ ያድሉ ጀመር፤ ሲያቃጥለው የሚዘልለውን እያዩ ይደሰታሉ። ከወንዙ ማዶ የተዘጋው ፋብሪካ ይታያል። አንዳንዶቹ ሴቶች አልፎ አልፎ ቀና ብለው ያዩታል፤ አይተው ወደ ሰሃናቸው ይመለሳሉ።

ፋብሪካው እስከ ዛሬ አልተከፈተም፤ ይከፈታል ብሎ የሚጠብቅም ያለ አይመስለኝም። የእሳት አደጋ ጣቢያው ግን ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገብቷል፣ ሴቶቹም ለሦስት ቤተ ክርስቲያኖችና ለጥቂት ምግብ ቤቶች ያሽጋሉ። እኔ የአየር ማረፊያውን ሥራ ቀንሼ በሳምንት ሁለቴ እወርዳለሁ። ከቦታ ቦታ የሚሄድ ጭነት ሞልቷል፤ ስደርስ ሴቶቹ ከበር ላይ ሆነው «ምሳ በልተሃል?» የሚሉኝ ግን እዚያ ብቻ ነው። ልጄ ባለፈው ሰሞን ለሥራ ባልደረባዋ ስለ እኔ ስታወራ ሰማኋት። «አባቴ ሽሪምፕ ቢዝነስ ውስጥ ነው» አለችው። አነጋገሯ ትልቅ ኩባንያ ያለኝ ያስመስላል፤ እኔም አላረምኳትም።